ለጊዜው ይራቅ

እፀገነት ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሠራው ኮሎምበስ ከተማ፣ ፍራንክሊንተን ሰፈር፣ ሚስ ሎሬን የተባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ቤት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ትውላለች፤ ቅዳሜን ደግሞ ተንከባካቢ ወደየቤቱ የሚልክ ኤጀንሲ እዚህ መድቧታል። ባሏ ሰብስቤ፣ ኦቤትስ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የማታ ሺፍት ስለሚሠራ፣ ዋይትሆል ባለው አፓርታማቸው የሚገናኙት አንዱ ጫማ ሲያወልቅ ሌላው ጫማ ሲያስር ነው። "እንዴት ዋልሽ?" "እንዴት አደርክ?" ይባባላሉ፤ መልሱን ግን ቆሞ የሚሰማ የለም።

ጊዜው የጁን ወር አጋማሽ ነበር። ዓርብ ዕለት አንዲት ባልደረባዋ በመቅረቷ እፀገነት ሁለት ሺፍት ደርባ ሠርታ፣ በቅጡ ሳትተኛ ነው ቅዳሜ የተነሳችው። እንደወትሮው የሚስ ሎሬንን ገላ ልታጥብ፣ ቁርስ ልታበላቸው፣ ከዚያ ሱፐርማርኬት ወስዳ ልትመልሳቸው አስባለች። የቀረውን ሰዓት ቁጭ ብላ ልብስ ታጥፋለች። መንገዱን ሁሉ ስታልም የመጣችው ያንን ቁጭ ማለት ነበር።

ሚስ ሎሬን ግን ለብሰው ጠበቋት። ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ፣ ከንፈራቸው ላይ ቀለም።

"ዛሬ ሱፐርማርኬት አንሄድም" አሉ። "ሰልፉን ልታሳዪኝ ነው።"

"የምን ሰልፍ?"

"የፕራይድ።"

እፀገነት የጠረጴዛውን ጨርቅ አስተካከለች። ፕራይድ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በዓል እንደሆነ ታውቃለች፤ ኮሎምበስ ሃያ ዓመት ኖራ፣ ጁን ሲገባ በየሱቁ መስኮት የሚሰቀለውን ባለ ቀስተ ደመና ባንዲራ ሳታይ አልቀረችም። በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ቃሉ በስሙ አይጠራም። ፓስተሩ ሲጸልዩ "ያ ነገር ከልጆቻችን ይራቅ" ይላሉ፤ ጉባኤው አሜን ይላል፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እሷም አሜን ትላለች።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚስ ሎሬንን ነገር ያወቀችው ዛሬ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ስትመደብ ቤቱ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ነበሩ፤ ሎሬንና ጆአን። እኅትማማቾች ይሆናሉ አለች። ስድስት ወር ሙሉ እኅትማማቾች ናቸው እያለች አልጋ አነጠፈች፤ የምታነጥፈው ግን አንድ አልጋ ብቻ ነበር። ከዚያ ነገሩ ገባት። ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም በቃል አላለችውም። ጆአን ባለፈው ፌብሩዋሪ ሲሞቱ ለመጨረሻ ጊዜ ፀጉራቸውን ያበጠረችው እሷ ናት። ሚስ ሎሬን የዚያን ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው "አርባ ሦስት ዓመት፣ አርባ ሦስት ዓመት" ብቻ ይሉ ነበር።

"ጆአን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች" አሉ አሁን። "የልጆቹ ወላጆች ያዩኛል ብላ፣ ሰልፍ በሆነ ቀን መጋረጃ ዘግተን ነበር የምንውለው። ጡረታ ስትወጪ እንሄዳለን አልኳት። ጡረታ ወጣች፤ መጋረጃውን ለምዳው ቀረች። እኔ አንዴ ልየው። ሁለተኛ አልጠይቅሽም።"

እፀገነት በረንዳ ወጥታ ኤጀንሲውን ኮል አደረገች። ስልክ ያነሳችው ልጅ፣ ደንበኛዋ መውጣት ከፈለጉ ማውጣት ሥራው ውስጥ እንዳለ ነገረቻት። "ካልተመቸሽ ሌላ ሰው ልፈልግ እችላለሁ፤ ግን ቅዳሜ ነው፤ የማገኝ አይመስለኝም" አለች። ካልተገኘ ሚስ ሎሬን እንደለበሱ ቤት ሊውሉ ነው። ለመከራከርም፣ ለማስረዳትም፣ ለመጸለይም አቅም ያስፈልጋል፤ እፀገነት ደግሞ አቅሙ አልነበራትም። "እሺ" አለች፤ መኪናዋ ውስጥ የከረመ ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አወጣች።

መሀል ከተማ ፓርኪንግ እስኪያገኙ ሦስት ጊዜ ዞሩ። ዊልቸሩን አውርዳ፣ ዘርግታ፣ ሚስ ሎሬንን አቅፋ አስቀምጣ፣ ሰልፉ ወደሚያልፍበት ሃይ ስትሪት መግፋት ጀመረች። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። ሰዉ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ፊቱን የተቀባ፣ ጀርባው ላይ ክንፍ ያሰረ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ፣ ውሻውን ሪባን ያለበሰ። እፀገነት ባርኔጣዋን ወደ ታች ስባ የዊልቸሩን ጎማ ብቻ እያየች ገፋች። የፈራችው ያገሯን ሰው ነበር። ሥራ ላይ ነኝ ብላ ልታስረዳ ነው? ማስረዳት ራሱ ወሬ ይወልዳል።

ከአንድ ሕንፃ ጥላ ሥር፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቦታ አገኙ። ሰልፉ በከበሮና በጩኸት መጣ። ሚስ ሎሬን የዊልቸሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨብጠው አንገታቸውን አሰገጉ። መጀመሪያ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሽማግሌዎች አለፉ፤ ቀጥሎ ካርቶን ላይ "ልጄን እወደዋለሁ" ብለው የጻፉ እናቶች። ሚስ ሎሬን እጃቸውን እያወዛወዙ አለቀሱ። ከዚያ ባንክ አለፈ። ከዚያ ኢንሹራንስ። ከዚያ ሌላ ባንክ፤ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው የፕላስቲክ መነጽር ይወረውራሉ።

"ይሄ ሁሉ ባንክ ነው እንዴ?" አሉ ሚስ ሎሬን።

"ባንክ ይመስላል" አለች እፀገነት።

"ጆአን ብታይ ትስቅ ነበር።"

ጥቂት ቆይታ ዝቅ ብላ ስታያቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዕድሜ ልክ የጠበቁት ሰልፍ ፊት ለፊታቸው እያለፈ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ያንኮራፋሉ። ትንፋሻቸውን አዳመጠች፤ ግንባራቸውን በእጇ ጀርባ ነካች፤ ደህና ናቸው። ልትቀሰቅሳቸው አሰበችና ተወችው። የተኛ ሰው መቀስቀስ ለእሷ ግፍ ነው። ራሷም ዊልቸሩን ተደግፋ ቆመች፤ ዓይኗ ይከደናል፣ ትባንናለች፣ እንደገና ይከደናል።

ቀዝቃዛ ነገር እጇን ነካት። አንድ ሰው የታሸገ ውሃ ያስጨብጣታል።

"አመሰግናለሁ" አለች።

በአማርኛ ነው ያለችው። ነቅታ ቢሆን ኖሮ አይወጣትም ነበር። ውሃውን የሰጣት ሰው አልፎ ሊሄድ ሲል ቆመ። የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያ የለበሰ፣ ረጅም፣ የሃያ ስድስት ዓመት ያህል ወጣት ነው። ዞሮ ባርኔጣዋ ሥር አጎንብሶ አያት።

"እትዬ እፀጌ?"

ኦሊያድ ነበር። የብርነሽ ልጅ።

ብርነሽ የእፀገነት የልብ ጓደኛ ናት፤ የሚኖሩት አንድ የአፓርታማ ግቢ ውስጥ፣ የሚጸልዩትም አንድ ቡድን ውስጥ ነው። ኦሊያድ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑን ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በድንገት ጠፋ። እናቱ ሲያትል ሥራ አግኝቶ ሄደ አለች፤ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። እፀገነት ግን ሌላው የማያውቀውን ታውቃለች። ያን ሰሞን ብርነሽ፣ ልጇ ራሱ አስቀምጦ የነገራትን፣ ያንኑ በስሙ የማይጠራውን ነገር ይዛ፣ መጦሪያው ፓርኪንግ ድረስ መጥታ ነበር። እፀገነት ያን ቀንም ሁለት ሺፍት ሠርታ፣ ቁልፏን ይዛ፣ አልጋዋን ብቻ እያሰበች ቆማለች። ብርነሽ አለቀሰች። "ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ" አለቻት። ነገሩ ሰዓታት የሚፈጅ ነበር። "ለጊዜው ይራቅ፤ ጌታ ያውቃል" አለችና መኪናዋን አስነሳች። ወሬውን ለመጨረስ ያለችው ነው። በማግስቱ ረስታዋለች። ከሳምንት በኋላ ኦሊያድ ሄደ ተባለ።

"ሲያትል አይደለህም እንዴ?" አለችው፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

"ሲያትል? ሲያትል ነው አለቻችሁ?" ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። "እዚሁ ነኝ። ከቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ። ሲያትልን በካርታ ነው የማውቃት።"

ከዚያ ዊልቸሩንም፣ የተኙትንም ሴትዮ ልብ ሳይል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

"እማዬ ናት የላከችሽ?"

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የመጣውን ተስፋ እፀገነት ባላየሁት አለች። ያ ሁሉ ቁመት የሰባት ዓመት ልጅ ሆነባት። አዎ ብትለው ምን ነበረበት? ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

"አይ፣ ልጄ። ሥራ ላይ ነኝ። እኚህን ሴትዮ ይዤ ነው።"

"እሺ" አለ። ሰደርያውን አስተካከለ። "እሺ፣ ገባኝ።"

የሙዚቃ መኪና እየጮኸ አለፈ።

"የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? ቀዶ ጥገናውን አደረገች?"

"ባለፈው ክረምት። አሁን ደረጃ ትወጣለች፤ እየተራገመች።"

"ኪቦርዱንስ ማን ይጫወታል?"

"ማንም። መዝሙሩን ከስልክ ነው የምንከፍተው። ልክ እጃችንን ስናነሳ ማስታወቂያ ይገባል።"

አሁን ከልቡ ሳቀ። እፀገነት መነጽሯን አወለቀች። ሲስቅ ስታየው ዝም ማለቱ ከበዳት።

"ኦሊዬ፣ ለእናትህ ይራቅ ያልኳት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቃለህ?"

"ሻንጣዬን ስይዝ ነግራኛለች። 'እፀገነት እንኳ ይራቅ ብላለች' አለችኝ።" በእጁ የያዘውን ሌላ ውሃ ክዳን ይከፍታል፤ ይዘጋል። "አንድ ዓመት ሙሉ አንቺ ላይ ተናደድኩ። ከእሷ ይልቅ አንቺ ላይ መናደዱ ይቀለኝ ነበር። አሁን ደክሞኛል፣ እትዬ እፀጌ። መናደድም ሥራ ነው ለካ።"

ያን ቀን ደክሞኝ ነበር ልትለው ፈለገች። አፈረች። ከቤቱ ለወጣ ልጅ የሚሰጥ ምክንያት አልመሰላትም።

"ይቅር በለኝ" ብቻ አለች።

ይቅር ብያለሁ አላለም፤ አልልም አላለም። ራሱን ነቀነቀ።

"ጆአን?" የሚል ድምፅ ሰሙ። ሚስ ሎሬን ነቅተዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል፤ ዓይናቸው ይንከራተታል። "ጆአን የት ሄደች?" ሁለቱ ሲያወሩ ጥላው ከላያቸው ሸሽቶ፣ ፀሐዩ አሮጊቷ ጭን ላይ ወጥቷል። እፀገነት የእጃቸውን የደም ሥር ምት ለካች፤ ይሮጣል። እንቅልፉም ድካሙም በአንድ ጊዜ ጠፋላት። "ውሃ አምጣ! ጨርቅ!" አለች። ኦሊያድ ከሰደርያው በታች የለበሰውን ሸሚዝ አውልቆ ውሃ ደፋበት፤ አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት። መኪናው ያለው ሁለት ብሎክ አልፎ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ዊልቸሩን ኦሊያድ ገፋ፤ እፀገነት ጎን ለጎን እየሮጠች ውሃ በጉንጭ በጉንጭ አጠጣቻቸው፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

መኪናው ውስጥ፣ ቀዝቃዛው አየር ፊታቸው ላይ ሲነፍስ፣ ሚስ ሎሬን ቀስ በቀስ ወደ ራሳቸው ተመለሱ። የልባቸው ምት ረጋ። አፋቸውን ጠርገው በመስኮቱ ኦሊያድን አዩት።

"ልጅሽ ነው?"

"የጓደኛዬ ልጅ ነው።"

"ዊልቸር አገፋፉ ካንቺ ይሻላል።" ትንሽ አሰቡ። "ብዙ አመለጠኝ?"

"ባንኮቹ ናቸው ያመለጡዎት" አለቻቸው።

ኦሊያድ ሳይጠየቅ የእፀገነትን ስልክ ከእጇ ወስዶ ቁጥሩን ጻፈበት። "ለእማዬ ስጫት አልልሽም፤ አትስጫትም አልልሽም" አለ። ሰደርያው ቁልፍ የለውም፤ ደረቱ ራቁቱን ነው፤ ሸሚዙ አሮጊቷ አንገት ላይ ቀርቷል። እንዲያው ሆኖ ወደ ሰዉ መሀል ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ሚስ ሎሬንን ቤታቸው አስተኝታ፣ ትኩሳታቸውን ደጋግማ ለክታ፣ ለኤጀንሲው የሆነውን ሁሉ ነግራ፣ ወደ ዋይትሆል ተመለሰች። ግቢው ውስጥ ሞተሩን አጥፍታ መሪው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። በስተግራ የራሷ በር፣ በስተቀኝ የብርነሽ ደረጃ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እነግራታለሁ ብትል ማን ይከለክላታል? ግን ነገ ሰው ይኖራል፤ ከነገ ወዲያ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ሺፍት። ካሁን ካለፈ እንደሚቀር አወቀችው። በስተቀኝ ወጣች።

ብርነሽ በሩን ከፍታ፣ "ምነው? ታመሻል እንዴ?" አለችና ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት።

"ኦሊያድን አገኘሁት።"

ብርነሽ መጀመሪያ ያደረገችው በሩን መዝጋት ነበር። ደረጃው ላይ ሰው እንዳይሰማ። ከዚያ ጀርባዋን በሩ ላይ እንዳስደገፈች፣ "የት?" አለች።

"መሀል ከተማ። የነሱ ሰልፍ ላይ። ውሃ ያድል ነበር።"

"አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሴትዮዬን ይዤ ሄጄ ነው።"

"ማን አየሽ?"

"ብርነሽ፣ ልጅሽን አየሁት እያልኩሽ ማን አየሽ ትይኛለሽ?"

ብርነሽ ፊት ለፊቷ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። መጨረሻ ላይ ከአፏ የወጣው ጥያቄ እፀገነት ከጠበቀችው ሁሉ ትንሹ ነበር።

"ከስቷል?"

"ትንሽ።"

"ፀጉሩስ?"

"አሳድጎታል። ያምርበታል። ስለ ጉልበትሽ ጠየቀኝ።"

"ስለ ጉልበቴ!" አለች ብርነሽ፤ በመሀረብ ሳይሆን በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቀና ስትል ግን ፊቷ ተለውጧል። "ይራቅ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እፀገነት ሳትጸልይበት አትናገርም ብዬ ነው የያዝኩት።"

"አልጸለይኩበትም። ሁለት ሺፍት ሠርቼ ነበር። መተኛት ፈልጌ ነው ያልኩሽ።"

"መተኛት ፈልገሽ?"

"አዎ።"

"እኔ ልጄን..." ብርነሽ አልጨረሰችውም። ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመች። "ከቤቴ ውጪልኝ ብልሽ እውነት አለኝ።"

"አለሽ" አለች እፀገነት፤ የሶፋውን ክንድ ተደግፋ ተነሳች። "አሁንም ደክሞኛል። ያሁኑን ግን አስቤበት ነው የምልሽ። ልጁ የትም አልሄደም። እየጠበቀሽ ነው። አንቺ የላክሽኝ መስሎት ነበር፤ አይደለም ስለው ፊቱን ባየሽው።"

ብርነሽ አልዞረችም። እፀገነት ጠረጴዛው ላይ ካገኘችው ፖስታ ጀርባ ቁጥሩን ጽፋ እዚያው ተወችው። በሩ ጋ ስትደርስ ድምፅ ከኋላዋ ጠራት።

"በልቶ ነበር?"

"አልጠየቅኩትም።"

"አንቺ ደግሞ ምን ትጠይቂያለሽ" አለች ብርነሽ።

ቤቷ ስትገባ ሰብስቤ ምሳ ዕቃውን ይዞ ሊወጣ ነበር። "እንዴት ዋልሽ?" አላት። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ የሚሄድበት ጊዜ ደርሷልና ሰዓቱን አየች። እሱም አየና ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጠ። አሥር ደቂቃ ቆሞ ሰማት። ጫማዋን አውልቆላት ሄደ።

ሚስ ሎሬን አገገሙ። ስልክ ለደወለላቸው ሁሉ ሰልፉ እንዴት ያለ ድንቅ እንደነበር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሳያመልጣቸው እንዳዩ ያወሩ ነበር፤ እፀገነት አላረመቻቸውም። ብርነሽ ግን ሦስት እሑድ ሙሉ ከእፀገነት ርቃ፣ ሌላ መደዳ ላይ ተቀመጠች። ሰላም ስትባል አንገቷን ብቻ ታነቃንቃለች። እፀገነት አልተከተለቻትም። ይህ ሲያንሰኝ ነው አለች በልቧ፤ መደዳዋ ላይ ብቻዋን ቆማ ዘመረች።

በአራተኛው እሑድ ብርነሽ መጥታ አጠገቧ ቆመች። መዝሙሩ ተከፍቷል፤ ጉባኤው ቆሟል። ወደ እፀገነት ጆሮ ተጠጋች።

"ትናንት አገኘሁት" አለች። "መኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ምግብ ይዤለት ሄጄ ነበር፤ በላ። የጎረሰው ሳያልቅ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። አሁንም ያ ነገር አልገባኝም፣ እፀጌ። አልገባኝም አልኩት።"

"እሱስ?"

"ይሁን አለኝ። ቤት እንግባ ስለው ግን ዛሬ አይሆንም አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

ብርነሽ የቆሙትን ሰዎች ጀርባ አየች።

"እሺ አልኩት። ምን እላለሁ? እጠብቃለሁ።"

መቆሙ ስለከበዳቸው ሁለቱም ተቀመጡ። ዙሪያቸው ሰው ሁሉ እጁን አንስቶ ቆሞ ሳለ፣ ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ እንደተቀመጡ ቆዩ።